ወጥመዱን ብቻ አትዩ፣ ችካሉንም እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ አገር መሬት ገዝተው ወይም ተከራይተው በግና ፍየል ማርባት ስለጀመሩ ወገኖቻችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ ብሎኛል። እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ በጎች አሉኝ። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋ ከዋሽንግተን አካባቢ እየነዳችሁ መጥታችሁ የምትወስዱት በግ ከእንደኔ ዓይነቱ ሰው ግቢ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ጽሑፉን ያነበብኩት እንደ ባለጉዳይ ነው። ቅር ያለኝ አንድ ቦታ ላይ ነው። ስለ ካዮቲ ስትጽፉ ጥሩ ወጥመድ መግዛት እንደሚያዋጣ ነግራችሁን አለፋችሁ። ወጥመዱ መሬት ላይ በምን ይያዛል? አንድም ቃል የለም። እኔ ደግሞ ከወጥመዱ በላይ የሚያሳስበው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ካዮቲ ከቀበሮ ከፍ፣ ከተኩላ ዝቅ ያለ አውሬ ነው። በምሥራቁ በኩል ያለው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ቢመዝን ነው፣ ግን ጉልበቱ ከኪሎው ጋር አይገናኝም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የ2014ን የበግ ሞት የቆጠረበትን ሰነድ ያየ ሰው፣ አውሬ ከጨረሳቸው በጎች ከግማሽ በላዩን የወሰደው ካዮቲ መሆኑን ያገኘዋል። ዓመቱን ሙሉ ደክማችሁ ያሳደጋችሁትን ጠቦት አንገቱን ተነክሶ ስታገኙት የሚሰማችሁን እናንተው ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ወጥመድ አይደለም መሞከር ያለበት፣ ይሄንን ልበል። የኤሌክትሪክ አጥር አለ፣ ጠባቂ ውሻ አለ፣ በመውለጃ ጊዜ በጎቹን ማታ ወደ በረት ማስገባት አለ። እነዚህ ተደርገው አውሬው አልመለስ ካለ ነው ወደ ወጥመድ የሚኬደው። ከተኬደ ደግሞ በሥርዓቱ ይሁን።

አንድ ወዳጄ በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከቼሳፒክ ወሽመጥ ማዶ ፍየሎች አሉት። መሬቱ አሸዋማ ነው፣ አካፋ ስትሰድበት ያለ ትግል ይገባል። ውድ የሚባለውን ወጥመድ ገዛ፤ ችካሉን ግን ከግንባታ የተረፈ አጭር ፌሮ ቆርጦ ሠራው። ጠዋት ሲሄድ ወጥመዱ የለም። አብረን ሄደን አየነው። ሣሩ በክብ ተላጭቶ አፈሩ ብቻ ቀርቷል፣ መሐሉ ላይ ፌሮው የነበረበት ቀዳዳ እጅ እስኪያስገባ ሰፍቶ አፉ እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ ውጭ ተከፍቷል፣ ከዚያ ሰንሰለቱ የተጎተተበት መስመር ወደ ወንዙ ይሄዳል። አውሬውን ያገኘነው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው፣ ፌሮውና ሰንሰለቱ ከግንዱ ጋር ተጠላልፈው፣ እግሩ ወጥመዱ ውስጥ እንዳለ፣ በሕይወት። ባናገኘው ኖሮ ብረት እግሩ ላይ ይዞ ሲሰቃይ ነበር የሚሞተው። እኛ አውሬ ጠላን እንጂ ይሄንን ለማንም ፍጥረት አንመኝም። ለዚህ ነው የችካልን ነገር እንደ ትንሽ ነገር የማላየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተያዘ አውሬ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይጎትትም። ይዞራል፣ ይዘላል፣ ወደ ላይ ይነጥቃል፣ ተመልሶ ይዞራል። ቀጥ ብሎ የተተከለ አንድ ፌሮ ጎትተህ ላትነቅለው ትችላለህ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዙሪያውን ሲወዘወዝ ቀዳዳው እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ዝላይ ይበቃዋል። ሰው ችካሉን በእጁ ቀጥ አድርጎ ይስብና «አይነቃነቅም» ይላል። ፈተናው እሱ አይደለም። ዙሪያውን እየዞርክ፣ ወገብህን ሰጥተህ ወደ ጎንና ወደ ላይ እያፈራረቅክ ንጠቀው፤ በዚያ ጊዜ ትንሽ እንኳ ከተወዛወዘ አታጥምድበት።

የድሮዎቹ አጥማጆች መፍትሔ ሁለት ፌሮ በአንድ ቀለበት አሳልፎ አግድም ማጣመር ነው፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ጋድሎ ይገባል፣ አውሬው አንዱን ሲስብ ሌላውን ያጠብቀዋል። በጣም ጥሩ ይሠራል። ችግሩ ክብደቱ ነው። የግማሽ ኢንች ፌሮ በሜትር አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። 24 ኢንች ማለት 60 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ስለዚህ አንዱ ችካል 600 ግራም፣ ጥንዱ ከአንድ ኪሎ በላይ ሆነ። አሥር ቦታ ልታጠምድ ከሆነ ወጥመዱንና መዶሻውን ሳልቆጥር 12 ኪሎ ብረት ተሸክመህ ነው ተዳፋት የምትወጣው። በስልሳ ዓመታቸው ይሄንን ሥራ የጀመሩ አባቶች አሉን፣ ከኋላ ሆኖ የሚሸከምላቸውም የለም። ያኔ ነው ሰው አጭሩን፣ ቀጭኑን፣ አንዱን ብቻ መትከል የሚጀምረው።

እኔ የምመክረው በብረት ገመድ የሚሠራውን አንከር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጣት የምታህል ብረት አለች፣ ከመሐሏ የብረት ገመድ ታስሮባታል። በአንድ ጠንካራ ዘንግ ጫፍ ላይ አድርገህ በመዶሻ ወደ መሬት ትሰዳታለህ፣ ቢያንስ 18 ኢንች። ከዚያ ዘንጉን ታወጣውና ገመዱን ወደ ላይ ትስበዋለህ። ቁልፍ በቀዳዳው በጎኑ ገብቶ ካለፈ በኋላ ተጋድሞ እንደሚይዘው ሁሉ፣ ብረቷም ከመሬት ውስጥ ተጋድማ ትቆለፋለች። ከዚያ በኋላ የሚይዝህ ብረቷ ብቻ አይደለችም፣ በላይዋ ያለው አፈር ሁሉ ነው። ገመዱ ስለሚታጠፍ አውሬው ቢዞርም ቀዳዳውን አያሰፋውም። ዘንጉ አንድ ነው፣ ለሁሉም እሱው ይበቃል፤ አንከሮቹ ደግሞ አሥሩም ተጠቅልለው አንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ።

አደራ፣ ገመዱን ስቦ መቆለፍ እንዳይረሳ። ብዙ ሰው ሰድዶ ዘንጉን ያወጣና ይሄዳል። ያኔ የሚቆልፈው አውሬው ራሱ ነው፣ እስኪቆለፍ ድረስ ደግሞ ገመዱ ብዙ ኢንች ወደ ላይ ይወጣለታል፤ መሬቱ ልል ከሆነ ጭራሽ ሳይቆለፍ ሊወጣ ይችላል። በእጅ አልሳብ ካለ የመዶሻውን እጀታ በገመዱ ቀለበት አስገብተህ በጉልበትህ አንሣው። ብረቷ ስትጋደም እጅህ ላይ ይታወቅሃል፣ መጀመሪያ ይመጣል ይመጣልና ድንገት ግትር ይላል።

ተሠርቶ የሚሸጥ አለ፣ ውድም አይደለም፤ ብየዳ የሚችል ወይም የሚያውቅ ሰው ያለው ግን ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ከአንግል አይረን ሦስት ኢንች ያህል ቆርጦ መሐሉን መብሳት ነው፣ ወይም ትልቅ ወፍራም ሮንዴላ መጠቀም ነው። ገመዱ ላይ አትቆጥቡ። አንድ ስምንተኛ ኢንች የሆነው የገሊላ ብረት ገመድ ከ1,700 ፓውንድ በታች አይበጠስም፣ ስለዚህ የገመዱ ነገር አያሳስብም። የሚያሳስበው መጋጠሚያው ነው። ገመዱን አጥፈው የሚቆነጥጡበትን ትንሽ ቱቦ በተራ ፒንሳ የጨፈለቀ ሰው ገመዱ ሾልኮ ይወጣበታል። በትክክለኛው መቆንጠጫ ይቆንጠጥ፣ መቆንጠጫው ከሌለ ሁለት ቱቦ ተደርጎ በመዶሻ በደንብ ይደብደብ። አፉ ያልተበየደ ሜንጦ አታድርጉበት፤ ኃይል ሲመጣበት ይከፈታል። የሚሽከረከር ቀለበትም ከአንድ በላይ ይኑር፣ አለበለዚያ አውሬው ሲዞር ሰንሰለቱ ይጠመዘዝና እግሩን ይሰብረዋል። ሰንሰለቱ ደግሞ አጭር ይሁን። ረጅም ሲሆን አውሬው ሮጦ መጥቶ ነው የሚነጥቀው፣ እግሩም ይጎዳል፣ አንከሩም ይጎዳል።

አሁን ወደ አፈሩ ልምጣ። ይሄኛው ላይ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ አንድ ዓይነት ዕቃ ይሸጥልሃል፣ አንተ ግን የምትኖርበት መሬት ሌላ ነው።

የኔ መሬት የቨርጂኒያ ቀይ ሸክላ ነው። ከዚህ የተሻለ አፈር ለአንከር የለም። እርጥብ ሲሆን ዘንጉ ይገባል፣ ሲደርቅ ይይዛል። 18 ኢንች በቂ ነው፣ አንከሯም ትንሽ ብትሆን ግድ የለም። ነሐሴ ላይ ደርቆ ድንጋይ ሲሆን ግን ክንድ ይጨርሳል፣ ስለዚህ ዝናብ በጣለ ማግስት መሰድ ነው።

አሸዋው ሌላ ዓለም ነው። አሸዋ እርስ በርሱ አይያያዝም፣ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከአንከሩ በላይ ብዙ አሸዋ መኖር አለበት። ወዳጄ ዛሬ የሚጠቀመው ሰፊ ፊት ያለውን አንከር ነው፣ ገመዱም 30 ኢንች ነው። እንደልብ ስለሚገባ ጥልቀቱን ማብዛት አያደክምም። ዝናብ ዘንቦ አሸዋው ጠጥሮ ሳለ የተፈተነ ችካል በደረቁ ጊዜ እንደዚያው ይይዛል ብሎ ማመን ግን አይገባም። በደረቁ ፈትኑት።

ቴክሳስ ያላችሁ፣ በተለይ ከዳላስ ወደ ደቡብ ወጣ ብላችሁ መሬት የያዛችሁ፣ የእናንተን አፈር እናንተ ሳታውቁት አትቀሩም። እዚያ ሂውስተን ብላክ የሚባለው ጥቁር አፈር የኛው መረሬ ነው። የበቾን ሜዳ ወይም የግንጪን ማሳ የሚያውቅ ሰው በክረምት እግር የሚውጥ፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ መሬት ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልገውም። ይሄ አፈር እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በመጋቢት ግትር ብሎ የነበረ ፌሮ በሐምሌ ስንጥቁ መሐል ቆሞ ታገኘዋለህ፣ በሁለት ጣት ይወጣል። የዘመዴ ልጅ እዚያ ፍየል ያረባል፣ በጋ ላይ ፌሮ የሚባል ነገር ትቷል። አንከሩን ከስንጥቁ መስመር ራቅ አድርጎ፣ ስንጥቁ ከሚደርስበት ዝቅ ብሎ እርጥበቱ ያለበት ድረስ ይሰደዋል። ችካል እዚያ መሬት ላይ ዓመቱን ሙሉ ተተክሎ አይቀመጥም፣ በየወቅቱ እንደገና መፈተን አለበት። አባቶቻችን የፈረስና የበቅሎ ችካል ሲተክሉ ይሄንን ያውቁ ነበር፣ እኛ ግን እዚህ ስንመጣ አፈር ሁሉ አንድ ይመስለናል።

ድንጋያማ መሬት ላይ፣ እንደ ሸናንዶዋ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ባለበት፣ ዋናው ነገር ትዕግሥት ነው። ዘንጉ ስምንት ኢንች ገብቶ ድንጋይ መታና ቆመ እንበል። «ይበቃል» አትበል፣ አውጥተህ አንድ ጫማ ያህል ፈቀቅ በልና እንደገና ሞክር። ጨርሶ እምቢ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ሁለቱን የተጣመሩ ፌሮዎች ተጠቀም፣ በድንጋዮች መሐል እየሸረሸሩ ስለሚገቡ ከአንከር ይሻላሉ። ክብደቱን መሸከም ያለብን እንዲህ ባለው ቦታ ብቻ ነው።

ሚኔሶታ ያላችሁ ደግሞ ውርጩ ነው ችግራችሁ። መሬቱ ከቀዘቀዘ በኋላ አንከር አይገባም፣ የገባውም አይወጣም። እዚያ የሚያጠምዱ ሰዎች ቦታቸውን መርጠው በጥቅምት፣ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ ይሰዱና የገመዱን ጫፍ ከሣር ሥር ሸሽገው ይጠብቃሉ። የምትተክሉበትን ቦታ አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ ማለት ነው።

የመሬታችሁ አፈር ምን እንደሆነ ግራ የገባችሁ ካላችሁ፣ ግብርና ሚኒስቴሩ የአፈር ካርታ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል፣ ዌብ ሶይል ሰርቬይ ይባላል። አድራሻችሁን አስገብታችሁ ድንበሩን ስታሠምሩ ከላይ ያለው ምን አፈር እንደሆነ፣ ስንት ኢንች ላይ ቋጥኝ እንደሚጀምር ሳይቀር ይነግራችኋል። መሬት ገና ለመግዛት ለሚያስበውም ይጠቅማል።

ጭራሽ ችካል የማይተክሉም አሉ። ባለ ሁለት ጥርስ ሜንጦ በረጅም ሰንሰለት ከወጥመዱ ጋር ያስሩና አውሬው ጎትቶት ሄዶ ቁጥቋጦ ውስጥ እንዲጠላለፍ ያደርጋሉ። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ባለበት ይሠራል፣ አፈሩም ምንም ቢሆን ግድ የለውም። ግን የኛ ሰው መሬት በአብዛኛው አምስት፣ አሥር ኤከር የግጦሽ ሜዳ ነው፣ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ቤት፣ ከዚያ አስፋልት። አውሬ ሜንጦ እየጎተተ የጎረቤት ግቢ ከገባ ጣጣው ሌላ ነው። እኔ ለሜዳ አልመክርም። አጥር ላይ ማሰርም እንደዚያው ነው፤ አውሬው አጥሩን ዘሎ ማዶ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል።

ስለ ማውጣቱም ልጨምር። አንከር ለመንቀል ጉልበት አይበቃም፣ የእርሻ ክሪክ ወይም የአጥር ምሰሶ መንቀያ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ገመዱን ቆርጦ ብረቱን መሬት ውስጥ ይተዋል። ከጫካ ዳር ይሁን እሺ፤ ድርቆሽ የሚታጨድበት ሜዳ ላይ ግን ከመሬት በላይ የቀረች አንድ የገመድ ጫፍ የማጨጃውን ቢላ ታበላሻለች፣ የበግ እግርም ትይዛለች። ከተቆረጠም አፈሩን ቆፍሮ ዝቅ ብሎ ይቆረጥ።

ሕጉን ሳላነሣ ብተው ጥፋት ይሆንብኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ መሬት ላይ የተጠመደ ወጥመድ በየቀኑ መጎብኘት አለበት። ኮሎራዶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ እግር የሚይዙ ወጥመዶችን ከልክሏል፣ ከብቱን ለሚከላከል ባለመሬት ግን በዓመት ለ30 ቀን የሚሆን ጠባብ በር ትቷል። ካሊፎርኒያ በ1998፣ ዋሽንግተን ስቴት በ2000 እንደዚሁ በሕዝብ ድምፅ ገድበዋል። ስለዚህ ሲያትል ያለ አንባቢ የኔን ደብዳቤ ይዞ ሱቅ እንዳይሮጥ፣ አስቀድሞ የራሱን ስቴት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። የስቴቶቹ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች ማኅበርም የትኛው ወጥመድ ለየትኛው አውሬ እንደሚሻልና እንስሳውን እንደማይጎዳ አስፈትኖ በነፃ ያወጣቸው መመሪያዎች አሉት፣ የካዮቲው ለብቻው ተዘጋጅቷል። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ልጆቻችሁ ሊያነቡላችሁ ይችላሉ።

እናንተ አዘጋጆቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስለ እርባታ የምታወጡት ጽሑፍ ቀጣይ ክፍል እንዳለው ጽፋችኋል። በዚያ ክፍል ላይ ስለ ችካል ግማሽ ገጽ ስጡት፣ ከቻላችሁም ከቴክሳስና ከሚኔሶታ አርቢዎች ጠይቃችሁ የየአካባቢያቸውን አፈር አክሉበት። እኔ በሥዕል አድርጌ የአንከሩን አሠራርና አቆላለፉን ልልክላችሁ እችላለሁ፣ በእጅ ነው የምስለው ግን ይነበባል። መሰጃው ወቅት ጥቅምት ነው፣ ከዚያ በፊት ቢወጣ ለሰሜኖቹ ይደርሳል።

አክባሪያችሁ
በግ አርቢ አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ